ከሙሽራ ፊት የሚሄድ መኪና

(ሐዋሳ፣ የመኪና መሸጫ ግቢ፤ በሁዳዴ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። በሰርግ አጀብ ፊት የካሜራ መኪና ሲነዳ የኖረው ዘርጋውና ቬሎ የምታከራየው ታናሽ እህቱ የሺመቤት በሁለት የኤሌክትሪክ መኪኖች መሀል ቆመዋል፤ አንዷ ነጭ ሴዳን ናት፣ ሌላዋ ግራጫ ስቴሽን።)

የሺመቤት፦ ፈርም፣ ወንድም ጋሼ! ሻጩ ሰውዬ ወረቀቱን ዘርግቶ እስክሪብቶውን ላዩ ላይ ጥሎ ሄዷል። ከዚህ በላይ ምን ያድርግልህ፣ እጅህን ይዞ ያስጽፍህ?

ዘርጋው፦ አልፈርምም አልኩ።

የሺመቤት፦ አሮጌው መኪና የሁለታችን ነበር፤ አዲሱም የሚገዛው በሁለታችን ስም ነው። ያንተ ፊርማ ከሌለ ከዚህ ግቢ አይወጣም።

ዘርጋው፦ አይወጣማ! ለዚህ እኮ ነው የጠራሽኝ። ፊርማዬ ባያስፈልግ ኖሮ መኪና መግዛትሽን ከባጃጅ ሾፌር ነበር የምሰማው።

የሺመቤት፦ እንግዲህ ጀመረ።

ዘርጋው፦ አልጀመርኩም። ቂጧ ለተሰፋ መኪና እጄን አላነሳም፣ በቃ።

የሺመቤት፦ አፍህን! በጾም ምድር!

ዘርጋው፦ ቂጥ ያስገድፋል እንዴ? ነይ እስቲ ወዲህ። ይህን የነጯን የኋላ ክዳን ቀና አድርጊው። አየሽ? የፖስታ ሳጥን ነው። ደብዳቤ ይገባዋል። ሰው ይገባዋል?

የሺመቤት፦ ሰው እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል? ሰው ወንበር አለው። ያውም ቆዳ የለበሰ ወንበር።

ዘርጋው፦ ካሜራማኑስ? ቆዳ ወንበር ላይ ተቀምጦ ምን ሊያነሳ ነው፣ የሾፌሩን ማጅራት?

የሺመቤት፦ ካሜራማን፣ ካሜራማን! እኔ የመጣሁት የሙሽራ መኪና ልገዛ ነው። ሱቄ የምትገባ ልጅ ሁሉ ቬሎውን ለክታ ስትጨርስ ‹‹መኪናስ አላችሁ?›› ትለኛለች። ‹‹የካሜራ መኪና ነው ያለን›› እላታለሁ። ትስቃለች። ከዚያ ማዶ ትሻገርና ቬሎውንም መኪናውንም ከሌላ ሰው ትከራያለች። ዳግማይ ትንሣኤ ሲገባ ሰርጉ እንደ ጎርፍ ነው የሚመጣው፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ሳጨበጭብ ልክረም?

ዘርጋው፦ አጨብጭቢ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት አጨብጭቤያለሁ።

የሺመቤት፦ ይህችን ግራጫዋን ደግሞ ተመልከታት። እውነቱን ንገረኝ፣ ዳቦ ማመላለሻ አትመስልም? ፊቷ መኪና ነው፣ ጀርባዋ ግን ሰው ሊያጥፈው ረስቶ የተወው ነገር ነው። ሙሽራ ከዚህች ስትወርድ ‹‹ስንት ዳቦ አመጣችሁ?›› ይላሉ።

ዘርጋው፦ ዳቦ የሚጭን መኪና ሁሉንም ይጭናል። ስድቡ የት አለ? ሁላችሁም እኮ እንዲሁ ናችሁ። መኪና ከኋላው ካልተቆለመመ መኪና አይመስላችሁም። ማንም የማይጠቀምበትን ጭራ ለማሳመር ብላችሁ ግማሽ መኪና ትጥላላችሁ።

የሺመቤት፦ እሺ፣ መካኒኩ! አስረዳኝ።

ዘርጋው፦ አስረዳሻለሁ፤ ስምንተኛ ክፍል ያቆመ ሰው ያስረዳሻል። ከነጯ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጪ።

የሺመቤት፦ ለምን?

ዘርጋው፦ ተቀመጪ አልኩ። ቀጥ ብለሽ። እንደ ሙሽራ።

የሺመቤት፦ ይኸው። ተቀመጥኩ።

ዘርጋው፦ ፀጉርሽ ጣሪያውን ነካ?

የሺመቤት፦ ... ትንሽ።

ዘርጋው፦ ትንሽ! አንቺ እኮ ሻሽ ነው ያሰርሽ። ሙሽራዋ አናቷ ላይ አንድ ክንድ የሚሆን ፀጉር ተቆልሎባት፣ ከዚያ ላይ ዘውድ ተደርጎባት፣ ከዚያ ላይ ዓይነ ርግብ ተንጠልጥሎባት ነው የምትገባው። ባትሪው ከወለሉ ሥር ነው የተነጠፈው፤ ስለዚህ ወለሉ ከፍ ብሏል፣ ጉልበትሽ ወደ ደረትሽ መጥቷል። ጣሪያውን ደግሞ ለቁንጅና ብለው ወደ ኋላ አንሸራተውታል። ከታች ከፍ፣ ከላይ ዝቅ። መሀል ላይ ሙሽራ እንደ ሳንድዊች። አሁን ውረጅና ግራጫዋ ውስጥ ግቢ።

የሺመቤት፦ አልገባም።

ዘርጋው፦ ስለምታውቂው ነው የማትገቢው። የዚህች ጣሪያ እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ባትሪው እሷም ሥር አለ፤ ግን ሰው አናት ላይ አልወጣም። ወንበሩን አጥፈሽ ብትዘረጊው ወለሉ እንደ መደብ ለጥ ይላል። በዚያ ላይ ፍራሽ ጣይበት፤ ካሜራማኑ የኋላ በሩን ከፍቶ እግሩን አንጠልጥሎ ይቀመጣል፤ ካሜራው ከሙሽራዋ ዓይን ጋር እኩል ይሆናል። አንቺ ፊልም ያለቀሰች ሙሽራ ነው የሚመስልሽ። ፊልም ከፍታ ነው።

የሺመቤት፦ ከፍታ ከሆነ ሰውየው ያሳየን ያ ረጅሙ መኪናስ ምን ጎደለው?

ዘርጋው፦ ያ የቢሮ ኃላፊ መኪና ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ የሚነሳው የሙሽራዋ መኪና ጣሪያ እንጂ ፊቷ አይደለም። ክብደቱ ደግሞ የትየለሌ ነው፤ ቻርጁን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው፤ ሐይቁን ዞሮ ሳይጨርስ ሶኬት ይፈልጋል። ይህች ዝቅ ያለች ናት፣ ቀላል ናት፣ በአንድ ቻርጅ ሦስት ሰርግ ትውላለች።

የሺመቤት፦ ያ አሮጌውም ሰርግ ይውል ነበር።

ዘርጋው፦ አሮጌው! ከሙሽራ ፊት የሚሄድ መኪና እንዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ? በእግረኛ ፍጥነት ነው። በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ግማሽ ተረግጦ፣ አንድ ዓይን መንገድ ላይ፣ አንድ ዓይን ስፖኪዮ ላይ። ራዲያተሩ ይፈላል። ከእግሬ ሥር ሁልጊዜ ጄሪካን ውሃ አለ። ሙሽሮቹ ሲጨፍሩ እኔ ክዳን ከፍቼ ውሃ እጨምራለሁ፤ እንፋሎቱ ፊቴን ያቃጥለኛል። ይህች ማርሽ የላት፣ ፍሪሲዮን የላት፣ ብትቆምም አትግል፣ ብትሄድም አትጮህ። ለሙሽራ የሚዘፈነው ሁሉ ጥርት ብሎ ይቀረጻል። የካሜራውን ባትሪ ደግሞ ከራሷ ሶኬት ትሞላለች። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የለመንኩትን መኪና ፈረንጅ ሳይሰማኝ ሠርቶታል፤ እህቴ ግን ዳቦ ማመላለሻ ትለዋለች!

የሺመቤት፦ ጨረስክ?

ዘርጋው፦ አልጨረስኩም፤ ደከመኝ እንጂ።

የሺመቤት፦ እንግዲህ እኔን ስማኝ። ጊዜው ተለውጧል። ካሜራማን የሚባለው ዛሬ መኪና ጀርባ ላይ ተንጠልጥሎ አይሄድም። ያንተው ካሜራማን ጋሽ ለገሰም ቢሆን ቤቱ ከተቀመጠ ሁለት ዓመት ሆነው። ለማን ነው ፍራሽ የምታነጥፈው?

ዘርጋው፦ ለገሰ በራሱ ፈቃድ አልተቀመጠም። ሐኪም ነው ጭስ የከለከለው። ይህች ደግሞ ጭስ የላትም። ትናንት ሄጄ ነግሬዋለሁ፤ ካሜራውን ከአልጋ ሥር አውጥቶ አቧራውን ሲያራግፍ ነው ትቼው የመጣሁት።

የሺመቤት፦ ማን ንገረው አለህ? ሳትጠይቀኝ?

ዘርጋው፦ አንቺስ ማንን ጠየቅሽ? እሺ፣ ይሁን። ነጯን ገዛን እንበል። ማን ይነዳታል?

የሺመቤት፦ ሾፌር ነዋ።

ዘርጋው፦ የቱ ሾፌር?

የሺመቤት፦ እሱን በኋላ እንነጋገርበታለን። ሰውየው በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ አሁን ፈርም።

ዘርጋው፦ የቱ ሾፌር፣ የሺ?

የሺመቤት፦ በኋላ አልኩህ!

ዘርጋው፦ ባለፈው ሳምንት ልብስ ሰፊው ኢሳያስ መንገድ ላይ ያዘኝና ‹‹እህትህ ጥቁር ኮት አሰፋች፣ ለሾፌር ነው አለችኝ፣ እንኳን ደስ ያለህ›› አለኝ። ደስ አለኝ። አትሳቂ፣ ደስ አለኝ! ልኬን ከየት አገኘችው ብዬ፣ ተደብቄ ሄጄ ለበስኩት። አንድ እጄ ነው የገባው። ሁለተኛው ብብቴ ላይ ቆመ። ኢሳያስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረልኝ።

የሺመቤት፦ ... ወንድም ጋሼ።

ዘርጋው፦ የማን ልክ ነው?

የሺመቤት፦ የናሆም።

ዘርጋው፦ የባልሽ የእህት ልጅ።

የሺመቤት፦ ግዛቸው ነው ያለው። ‹‹ቁመና ያለው ልጅ ነው፣ ለፎቶ ይመቻል›› አለኝ። እኔም አሰብኩበት፣ እውነቱን ነው።

ዘርጋው፦ ባልሽ ቀለም ነጋዴ ነው፣ ስለ መኪና ምን ያውቃል? ልጁ መንጃ ፈቃዱ ገና ቀለሙ አልደረቀም። ባለፈው ወር የአጎቱን በር ከነማጠፊያው ገንጥሎታል።

የሺመቤት፦ ይለምዳል። አንተም ለምደህ ነው።

ዘርጋው፦ እኔስ?

የሺመቤት፦ አንተ... ትንሽ ዕረፍ። ስድሳ ልትገባ ነው። ከገቢው ድርሻህን እየወሰድክ ቤትህ ተቀመጥ።

ዘርጋው፦ ዕረፍ ማለት ‹‹ዞር በል›› ማለት ነው። በደንብ ተናገሪው።

የሺመቤት፦ እንድናገር ትፈልጋለህ? እሺ! ሙሽሮቹ ያማርሩሃል። ፊትህ! ባለፈው ጥር አንዷ ‹‹ያ ሾፌራችሁ ሰርግ ነው ወይስ ለቅሶ የመጣው?›› አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ዘርጋው፦ ፊቴን የት አየችው? እኔ እኮ ከፊት ነው የምሄደው፤ ማጅራቴን እንጂ ፊቴን ያየ ሰርገኛ የለም! በዚህ ከተማ ከአንድ ሺህ በላይ ሙሽራ መርቻለሁ፤ አንድ ፊልም ውስጥ አለሁ? አንድ! ካሜራው ከኔ ጀርባ ነው፤ ወደ ኋላ ነው የሚያየው። ሲበላ ‹‹ለሾፌሮቹ በጓሮ በኩል ስጧቸው›› ይባላል። ሌላው ይቅር፣ ያንቺ የሰርግ ፊልም ውስጥ አለሁ? ከአሥር ዓመትሽ ጀምሮ ያሳደግኩሽ ወንድምሽ ነኝ። የቤተሰብ ፎቶ ሲነሳ ማን ጠራኝ?

የሺመቤት፦ የኔን ሰርግ አታንሳ።

ዘርጋው፦ ለምን አላነሳም?

የሺመቤት፦ አታንሳብኝ አልኩ! ያንን ቀን ምን እንዳደረግኸኝ ረስተኸዋል? በሕይወቴ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ሰው እንዲያየኝ ለመንኩ። አሥራ አራት መኪና ከኋላህ ተሰልፏል። ወደ ቤተ ክርስቲያን መታጠፍ ሲገባህ ቀጥ ብለህ ሄድክ። አሥራ አራቱም ካንተ ኋላ! ክላክስ እያንባረቁ ጤና ጣቢያ ግቢ ይዘኸን ገባህ! ነፍሰ ጡሮች ከወረፋ ተነስተው እልል አሉልኝ። ካርድ የያዙ በሽተኞች አጨበጨቡልኝ። ዘበኛው መስኮቴን አንኳኩቶ ‹‹ድንገተኛ ነው?›› ብሎ ሚዜዬን ጠየቃት!

ዘርጋው፦ አስታውሳለሁ።

የሺመቤት፦ ታስታውሳለህ! እኔ ደግሞ በየዓመቱ አስታውሰዋለሁ። አማቴ እስክትሞት ድረስ ‹‹የሰካራም እህት›› ነበርኩ። ፊልሙን ስከፍተው ከቤቴ ወጥቼ መኪና ውስጥ እገባለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ አበባ ነው! ጽጌረዳ! ቀይ ጽጌረዳ፣ ቢጫ ጽጌረዳ፣ ከላዩ ላይ ሙዚቃ። ያ ሁሉ አጀብ፣ ያ ሁሉ ሰው የለም። ሰክረህ ሰርጌን በላኸው። ናሆምን ለምን እንዳመጣሁ ትጠይቀኛለህ? ናሆም ይሳሳት ይሆናል፤ ሰክሮ ግን አይሳሳትም!

ዘርጋው፦ አልጠጣሁም ነበር።

የሺመቤት፦ ሰው ሁሉ አይቶሃል። እግርህ ይንገዳገድ ነበር።

ዘርጋው፦ አልጠጣሁም። መታጠፊያውንም አልሳትኩም። ያንን መታጠፊያ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።

የሺመቤት፦ ታዲያ ለምን አለፍከው?

ዘርጋው፦ ተይው። አሁን ምን ያደርግልሻል።

የሺመቤት፦ አልተውም! ጤና ጣቢያ ለምን ወሰድከኝ?

ዘርጋው፦ አንቺን አልነበረም የወሰድኩት።

የሺመቤት፦ ማንን ታዲያ?

ዘርጋው፦ ለገሰን።

የሺመቤት፦ ጋሽ ለገሰን? ምን ሆኖ?

ዘርጋው፦ የኋላ በር ተከፍቶ በዝግታ ሲሄድ የራሱ የመኪናው ጭስ ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ያ አሮጌው ደግሞ ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው፣ ተቀድዶ ነበር። ለገሰ እዚያ ጭስ ውስጥ አፉን ከፍቶ፣ እግሩን አንጠልጥሎ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጠ። እኔ ስፖኪዮ አያለሁ። መጀመሪያ ካሜራው ዘንበል አለ። ደከመው አልኩ። ከዚያ ራሱ ዘንበል አለ። ከዚያ ካሜራው እጁ ላይ የለም፣ ወለሉ ላይ ተንጋሎ ሰማይ ያያል፤ ለገሰ ደግሞ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ፣ አንገቱ እንደ ታረደ ዶሮ ተንጠልጥሏል። ከጀርባው ያንቺ መኪና ነው፤ ዓይነ ርግብሽ ወርዶ ስለነበር ገና አላየሽውም። ባቆም አንቺ ነሽ የምታይው። መታጠፊያው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ቀጥታው ጤና ጣቢያ ነው። ቀጥ አልኩ። አሥራ አራቱ መኪና ይከተለኛል ብዬ አላሰብኩም።

የሺመቤት፦ ሁልጊዜ የሚከተልህ እኮ ነው!

ዘርጋው፦ አውቃለሁ! በዚያች ደቂቃ ግን አላሰብኩትም። ሰባት ዓመት ሲከተለኝ የኖረውን ረሳሁት። ለኔ በዓለም ላይ የነበርነው እኔና ለገሰ ብቻ ነበርን። ግቢው ውስጥ ቆሜ ዞር ስል ክላክስ ሰማሁ፣ እልልታ ሰማሁ። ያኔ ነው እግሬ የተንገዳገደው። እኔም ጭሱን ስውጠው ነበር።

የሺመቤት፦ ... አበባው።

ዘርጋው፦ አበባው የሸፈነው ሰማይ ነው። ካሜራው አልጠፋም ነበር። አሥራ አንድ ደቂቃ ሰማይና የዛፍ ቅርንጫፍ ቀርጿል። ለገሰ ቆርጦ አበባ ለጠፈበት።

የሺመቤት፦ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር የቀረጸኝ። ሚዜዎቼ ‹‹ተነስቶ እንኳ አይቀርጽም›› ብለው አሙት።

ዘርጋው፦ መቆም አልቻለም ነበር። ከጤና ጣቢያው አልጋ ተነስቶ ነው የመጣው። ‹‹ራሱን የሚስት ካሜራማን ማን ይቀጥራል፣ አራት ልጅ አለኝ፣ አፍህን ያዝ›› ብሎ ጉልበቴን ያዘኝ። ያዝኩ።

የሺመቤት፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት?

ዘርጋው፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ሾፌሮቹ ‹‹ጤና ጣቢያው›› ብለው ስም አወጡልኝ። አጀብ ሊነሳ ሲል ‹‹ዛሬስ ወዴት ነን ጤና ጣቢያው፣ መርፌ አለ?›› ይሉኛል። ይስቃሉ። እስቅላቸዋለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ግድግዳውን እሰድባለሁ።

የሺመቤት፦ ለኔስ? ለኔ መንገር አቃተህ?

ዘርጋው፦ መቼ ልንገርሽ? በዓመቱ ጽንሱ ሲወርድብሽ? በሰርግሽ ቀን ከፊትሽ እንደ ሬሳ የተንጠለጠለ ሰው ነበረ ልበልሽ? ጽንሱ የወረደው በዚያ ነው ብለሽ ልትለጥፊ? ከዚያ በኋላ ደግሞ አልጠየቅሽኝም። ‹‹ስንት ጠጥተህ ነበር?›› አልሽኝ እንጂ ‹‹ምን ሆነህ ነበር?›› አላልሽኝም። አንድ ቀን እንኳ።

የሺመቤት፦ እና ዛሬ ነገርከኝ።

ዘርጋው፦ ዛሬ ነገርኩሽ።

የሺመቤት፦ ዛሬ! ግራጫዋን ስትፈልግ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆድህ ውስጥ የቆየው ነገር ለፊርማ ሲሆን ወጣ! ለመኪና ነው የሸጥክልኝ!

ዘርጋው፦ ምን አልሽ?

የሺመቤት፦ ሰምተኸኛል።

ዘርጋው፦ ድገሚው።

የሺመቤት፦ ለመኪና ነው የሸጥክልኝ!

ዘርጋው፦ አምጪ ያንን እስክሪብቶ። አምጪ! ነጯ ላይ ነው አይደል? የት ነው፣ እዚህ ጋ? ይኸው። ዘርጋው ተሰማ። እዚህም ጋ? ይኸው። ሌላ አለ? የጣት አሻራም ትፈልጊያለሽ? በይ ውሰጂ። ናሆምን አስነጂያት። ኮቱን አልብሺው። ለገሰ ዘንድ ሄጄ ካሜራህን መልሰህ አልጋ ሥር ክተተው እለዋለሁ። እኔ ምንም አልሸጥኩልሽም፤ እንቺ፣ በነጻ!

የሺመቤት፦ ቆይ! ወዴት ነው?

ዘርጋው፦ ቤቴ! ዕረፍ ተብዬ የለ እንዴ!

የሺመቤት፦ ቆይ አልኩ። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ያኔ ጤና ጣቢያው ግቢ ስንቆም ግዛቸው ከመኪናው ወርዶ ወደ አንተ ሄዷል። እኔ በቬሎው መውረድ አልቻልኩም፤ መስኮቱን ሰው ሸፍኖት ነበር።

ዘርጋው፦ ተይው እሱን።

የሺመቤት፦ ቆይቶ ነው የመጣው። ተመልሶ ሲገባ ‹‹ወንድምሽ ጠጥቷል፣ መንገድ ጠፍቶበት ነው፣ ዝም በይ›› አለኝ።

ዘርጋው፦ የሺ፣ ተይው።

የሺመቤት፦ ጋሽ ለገሰን አይቶታል?

ዘርጋው፦ ልቀቂኝ፣ ልሂድ።

የሺመቤት፦ ወንድም ጋሼ! አይቶታል?

ዘርጋው፦ እግሩን የያዘው ማን ይመስልሻል? እኔ በብብቱ፣ ባልሽ በእግሩ ይዘን ነው ያስገባነው።

የሺመቤት፦ በነጭ ሙሉ ልብሱ እጅጌ ላይ ጭቃ ነበር። አዳራሽ ውስጥ ስጠርግለት ‹‹በር ላይ ነካኝ›› አለኝ። በውሃ፣ በሎሚ... ጠረግኩለት።

ዘርጋው፦ የለገሰ ጫማ ነው።

የሺመቤት፦ ምን አለህ?

ዘርጋው፦ ‹‹እናቴ ከሰማች ገደ ቢስ ሰርግ ነው ብላ ታስቆመዋለች። ጠጥቶ ነው እንበል፣ ነገ ይረሳል›› አለኝ። ላንቺ ብዬ እሺ አልኩ። ነገ ይረሳል ያለው ሰውዬ ራሱ በየፋሲካው፣ በየገናው፣ ሥጋው እንደተቆረጠ ‹‹ለዘርጋው አትቅዱለት፣ ጤና ጣቢያ ይወስደናል›› እያለ ያስታውሰኛል። አንቺም ትስቂያለሽ። ከምግቡ ሁሉ የሚያንቀኝ ያቺ ሳቅሽ ናት።

የሺመቤት፦ ስቄያለሁ።

ዘርጋው፦ ስቀሻል።

የሺመቤት፦ ትናንት ማታ ‹‹ሰካራም መሪ ላይ አታስቀምጪ፣ ሥራሽን ያጠፋብሻል›› አለኝ። ዓይኔን እያየ። አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ዓይኔን እያየ!

ዘርጋው፦ በይ እንግዲህ ወረቀቱን ውሰጂ፤ ሰውየው ሊዘጋ ነው። ፈርሜልሻለሁ።

የሺመቤት፦ አንተ ፈረምክ እንጂ እኔ አልፈረምኩም።

ዘርጋው፦ እና?

የሺመቤት፦ እናማ ሰውየውን ጥራውና አዲስ ወረቀት ይዞ ይምጣ፤ የግራጫዋን ቁልፍም ይስጥህ። ከመፈረማችን በፊት አንድ ዙር እንሄዳለን።

ዘርጋው፦ ወዴት?

የሺመቤት፦ በግዛቸው ቀለም መሸጫ በኩል። በዚህ ሰዓት ግዛቸው በረንዳው ላይ ነው የሚቀመጠው። የኋላውን በር ክፈትልኝ፣ እዚያ ነው የምቀመጠው። ስትደርስ በሙሽራ ፍጥነት ንዳ፣ ወንድም ጋሼ፤ ፊቱን እስኪበቃኝ ላየው እፈልጋለሁ።